የበሽተኛ ያለህ

ጋሪው ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላ ይገፉታል፣ አንድ ሽማግሌ ከላይ ይሳደባል።

«ቀስ በሉ እንጂ! እኔ እኮ ሰው ነኝ፣ የሳሙና ሳጥን አይደለሁም!»

«ለዛሬ የሳሙና ሳጥን ነዎት አባቴ። ጆንያውን ፊትዎ ላይ ይመልሱና ዝም ይበሉ» አለች መቀስ፣ ትከሻዋን ከጋሪው እንጨት ጋር አጣብቃ እየገፋች።

የሽማግሌው እግር አብጦ ግንድ አክሏል። አጠገቧ የሚገፉት እማማ ሳል ደግሞ ትንሽ ይገፋሉ፣ ብዙ ይስላሉ። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ጋሪው ላይ መውጣት የነበረባቸው ሰው ናቸው፤ ግን የሚገፋ ጠፋና በሽተኛ በሽተኛን ገፋ።

ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ የካሚዮን ክላክስ ጮኸ።

መቀስ ዞር አለች። «ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

«ሹም እንዲያ ነበር ያሉት» አሉ እማማ ሳል በሳላቸው መሀል። «የትልቅ ሰው መኪና እንደ ትልቅ ሰው ነው ልጄ። ሲጠብቁት ይቀራል፣ ሳያስቡት ከች ይላል። ግፊ!»

ገፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ የሳሙና ሠሪዎች ሰፈር ጤና ጣቢያ ያገኘው ካቻምና አይደለም፣ አምና ነው። አገኘ ስንል ደግሞ ማንም ጠቅልሎ አልሰጠውም። ድንጋዩን ሴቶቹ ከወንዝ በጀርባቸው አመላለሱት። ግድግዳውን የመቀስ ባል ግንበኛው ከጓደኞቹ ጋር አቆመው፤ አሁን እሱ ሌላ አገር ድልድይ ሊሠራ ሄዷል። አንሶላውንና መጋረጃውን መቀስ ራሷ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ሰፋችው። መቀስ ያሏት ግን ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይቆርጣል።

መንግሥት የላከው ቁስል የሚያክምና መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰርና በላምባ የሚሠራ አንድ ነጭ ማቀዝቀዣ ነው። ያውም ለሙከራ። «ዋና ሀኪሙ መጥቶ ያያል። ከጠቀመ ይቀጥላል፤ ካልጠቀመ ድሬሰሩም ማቀዝቀዣውም ለሚጠቅመው ሰፈር ይሄዳሉ» ተባለ። ድሬሰሩ ከመምጣቱ በፊት የታመመ ሰው በቃሬዛ ተራራ ተሻግሮ ነበር ወደ ሆስፒታል የሚሄደው። ቃሬዛው ባዶውን ከተመለሰ ማንም «በሽተኛውስ?» ብሎ አይጠይቅም። መንገድ ላይ የት እንደተቀበረ ብቻ ይጠይቃል።

ይኸው ያ «ያያል» የተባለው ቀን ደረሰ። የሰፈሩ ሹም፣ የመቀስ ባል አባት፣ ትናንት ሰውን ሁሉ ሰብስበው፣ ካቦርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን እየወዘወዙ ተናገሩ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ይጠረጋል! ጤና ጣቢያ ሰጡን። ሰውየው መጥቶ በሽተኛ ሲርመሰመስ ካየ ‹ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?› አይልም? ‹መድኃኒቴን የት ከተታችሁት?› አይልም? ነገ በዚህ ሰፈር አንድ የታመመ ሰው እንዳላይ!»

ሰው ተስማማ። እንዲያውም አጨበጨበ። ምን ይደረግ፣ ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የሹም ነገር ሁሉ ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

ለድሬሰሩ ግን ማንም አልነገረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፋር ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ጆሮው ቲማቲም ይመስላል። «ያ ጆሮ ያጋልጠናል» አሉ ሹም። ስለዚህ በማለዳ እንግዳውን ድልድዩ ላይ እንዲቀበል ላኩት፤ እሱ ዞር ሲል በሽተኛው ሁሉ ወደ ሳሙና መጋዘን ተጓዘ። በእግሩ የሚችል በእግሩ፣ የማይችል በጋሪ።

መቀስ የመጋዘኑን በር በጉልበቷ ገፍታ ጋሪውን አስገባች፤ እማማ ሳልም ተከትለው ገቡ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ስር ባለች ቀዳዳ የምትገባው ብርሃን ብቻ የሳሙናውን ክምር ታሳያለች፤ በክምሩ መሀል ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተቀምጧል። ትክትክ የያዛቸው ሕፃናት እናቶቻቸው ደረት ላይ ተለጥፈዋል። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሳሙና ቆራጭ ጥርሱ እንዳይንገጫገጭ ጨርቅ ነክሷል። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች። ትንፋሻቸውና የሳሙናው ሽታ ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ጥግ ላይ፣ ባዶ ሳጥን ላይ፣ የመቀስ ልጅ ፍንጭት ተቀምጣለች።

ፍንጭት ከፊት ጥርሷ መሀል ንፋስ የምታስገባ፣ በእንቅልፏ እንኳ የምታወራ ልጅ ናት። ከትናንት ጀምሮ ግን ጉሮሮዬን አለች፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወተት አልወርድ አላት። መቀስ ወደ ድሬሰሩ ልትወስዳት ስትል አማቷ በር ላይ ያዟት። «እንግዳው ይሂድ። ጉሮሮ የትም አይሄድም» አሏት። እሳቸውም ልጅቷን ጠልተው አይደለም፤ ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ የሚወዷት እሷን ነው። ግን የሹም የልጅ ልጅ በእንግዳ ፊት ታማ ብትታይ ምን ይባላል?

መቀስ የልጇን አንገት በሻርፕ ጠቀለለችው። ትኩስ ነው።

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ። እኔ እስክመጣ አንዲት ድምፅ እንዳታሰሚ። እሺ?»

ፍንጭት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሌላ ቀን ቢሆን «ለምን? ማን ይመጣል? ከረሜላ ይዟል?» ትል ነበር። መቀስ ይሄን አስተዋለች። አስተዋለችና፣ ክላክሱ በድጋሚ ሲጮህ፣ ረሳችው። በሩን ከውጭ ቀረቀረችና ቀሚሷን እያራገፈች ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ አንሶላና መጋረጃ የምታሳየው እሷ ናት።

ዋና ሀኪሙ አጭር፣ ድብልብል፣ ካኪ የለበሱ ሰው ናቸው። የመንገዱ አቧራ ቅንድባቸውን አሸብቶታል። ከካሚዮኑ እንደወረዱ ሰላምታውን አሳጥረው በቀጥታ ገቡ። ጠረጴዛውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አዩ፣ ንጹሕ ነው። የመርፌ መቀቀያውን ከፈቱ፣ ንጹሕ ነው። ማቀዝቀዣው ስር ጎንበስ ብለው የላምባውን ነበልባል አዩ፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ቀና ሲሉ ዓይናቸው አግዳሚው ወንበር ላይ አረፈ። ባዶ።

«በሽተኞቹስ?»

«ይመጣሉ ክቡር ሀኪም» አለ ድሬሰሩ። «ትናንት በዚህ ሰዓት አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።»

ወጥቶ መንገዱን ወደ ላይ አየ። ወደ ታች አየ። አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እሷም ጤነኛ ናት። የበሽተኛ ያለህ ብሎ መጮህ ብቻ ነው የቀረው። ተመልሶ ሲገባ ያ ጉደኛ ጆሮው ቀልቷል። እንግዲህ ፈርዶበት፣ እውነት ሲናገር ቀላ!

ዋና ሀኪሙ ጆሮውን አዩት።

«መዝገቡን ይመልከቱ ክቡር ሀኪም፣ በየቀኑ…»

«መዝገብ ብዕር ያለው ሁሉ ይሞላዋል። እኔ የመጣሁት ሰው ለማየት ነው።»

ይሄኔ ሹም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ደረታቸውን ነፉ። «ክቡር ሀኪም፣ በሽተኛ የለም! በእርስዎ መድኃኒት ሁሉም ድኗል። ይህ ሰፈር ጤነኛ ነው።»

ዋና ሀኪሙ ፈገግ አላሉም። ወደ መቀስ ዞሩ። «አንቺስ? ቤትሽ የታመመ ሰው አለ?»

መቀስ አማቷን ሳታያቸው አየቻቸው። የከዘራው ጫፍ መሬቱን አንዴ ኳ አደረገ። ያ ሁሉ ምላሷ የት ገባ? ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እሷ ብትናገር ሹሙ ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ በሹሙ ስም ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ።

«የለም ክቡር ሀኪም» አለች።

«ጥሩ።» ዋና ሀኪሙ ቆባቸውን አደረጉ። «ከተራራው ማዶ ያሉት የጨው ጫኞች ቤታቸውን ሠርተው ጨርሰዋል። በሽተኞቻቸው ደጅ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ፤ መድኃኒት የሚቀዘቅዝበት ዕቃ ግን የላቸውም። ጤነኛ ሰፈር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል? ሾፌር! ጫነው። ድሬሰር፣ አንተም ዕቃህን ያዝ። መዝገቡ ላይ ስለዋሸኸው ደግሞ እዚያ ደርሰን እንነጋገራለን።»

 ሹም ፊታቸው አመድ መሰለ። ሽልማት ሲጠብቁ ያላቸውም ተወሰደ። ግን ምን ይበሉ? ገና አሁን «ሁሉም ድኗል» ያለ አፍ እንዴት ብሎ ይመለሳል?

«እንደ ፈቃድዎ» አሉ።

መቀስ ካቦርታቸውን ከኋላ ያዘች። «አባባ፣ ይንገሯቸው እንጂ!» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ማቀዝቀዣው ሊሄድ ነው እኮ! ድሬሰሩም!»

«ሌላ ይሰጡናል። ማመልከቻ እጽፋለሁ። አሁን ፈገግ በይ።»

ሾፌሩ የማቀዝቀዣውን ነበልባል እፍ ብሎ አጠፋው። ሳሙና ተሸካሚዎቹ ገመድ አምጥተው እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ እስረኛ ጠፍረው ወደ ካሚዮኑ ጀርባ አወጡት። መቀስ ሲወጣ አላየችም፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ወደ መጋዘኑ እየሮጠች ነበር። ቢያንስ ድሬሰሩ ሳይሄድ ፍንጭትን ያያታል ብላ። ጓሮ ለጓሮ ወስዳ፣ ማንም ሳያይ፣ አንዴ አፏን ከፍቶ ያያታል።

በሩን ስትከፍተው መጀመሪያ የሰማችው የመጋዝ ድምፅ ነው። ኽርርር፣ ዝም። ኽርርር፣ ዝም። ማን ነው እዚህ ጨለማ ውስጥ እንጨት የሚሰነጥቀው አለች በልቧ።

«ልጅሽ ናት» አሉ እማማ ሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳሉም። ፍንጭትን ጭናቸው ላይ ደግፈው ይዘዋታል። «በሩን ብደበድብ የሚከፍት ጠፋ። ምን ብለሻት ነው የሄድሽው? አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነው የከረመችው። ልቀቂው ብላት እንቢ አለችኝ።»

መቀስ የልጇን እጅ ከአፏ ላይ አነሳች። አንገቷ ከሻርፑ ውጭ አብጦ ከጉንጯ ጋር አንድ ሆኗል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ መጥፎ፣ የሞተ ነገር ሽታ አለው። ዓይኗ ግን ክፍት ነው፤ እናቷን እያየች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አላወራሁም ማለቷ ነው።

መቀስ አልጮኸችም። አቀፈቻትና ወጣች። በሩን ለመዝጋት እጅ አልነበራትም።

ከመጋዘኑ ወደ አደባባዩ በሚያወጣው መተላለፊያ አማቷ ቆመዋል። እንግዳ ሊሸኙ ሲሄዱ ያዩዋት ይመስላል። ከዘራቸውን ከግድግዳ ግድግዳ ጋረዱት።

«ወዴት?»

«ልጄን ላሳይ።»

«አሁን? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ትንሽ ታገሺ፣ መኪናው ይነሳና…»

«አባባ፣ መድኃኒቱ እኮ መኪናው ላይ ነው!»

«እኔ ዛሬ ውሸታም ከተባልኩ ነገ በዚህ ሰፈር ማን ይሰማኛል? ለአንቺም ለባልሽም ነው የምለው። ተመለሺ ብያለሁ!»

ፍንጭት በመሀላቸው ኽርርር አለች። ሹም ድምፁን ሰሙት፤ ዓይናቸው ወደ ሻርፑ ወረደ፤ ከዘራው ግን አልወረደም።

«ይምቱኝ» አለች መቀስ። «ግን እየሄድኩ ነው የሚመቱኝ።»

በከዘራው ላይ ሄደችበት። እንጨቱ ደረቷን ገፋት፣ እሷም እንጨቱን ገፋችው፤ ከዚያ የሹም ክንድ ደከመ፣ ወይም ልባቸው ደከመ፣ ከዘራው ግድግዳውን እየፋቀ ወደቀ።

አደባባዩ ላይ ሾፌሩ ፊት ለፊት ቆሞ ሞተሩን በብረት እጀታ እያዞረ ነው። ካሚዮኑ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። መቀስ «ቁሙ!» አለች፤ ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። ድሬሰሩ ከኋላ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ጀርባውን ለሰፈሩ ሰጥቷል። ሾፌሩ ዘሎ ገባ። መኪናው ነቅነቅ ሲል መቀስ ከፊቱ ገባችና ቆመች፤ የሞተሩ ትኩሳት ፊቷን እስኪለበልባት ድረስ ተጠጋች።

«እብድ ናት እንዴ! ሴትዮ፣ መሞት ከፈለግሽ ገደል አለልሽ!»

«አጥፋው!»

«ምን?»

«አጥፋው አልኩህ አንተ ጎማ ራስ! ክቡር ሀኪም! ዋሽቻለሁ! ቤቴ የታመመ ሰው አለ!»

ሞተሩ ጠፋ። ዋና ሀኪሙ ሲወርዱ መሬት የነኩ አይመስልም። ልጅቷን እዚያው ፀሐይ ላይ፣ እናቷ ክንድ ላይ እንዳለች፣ አገጯን ይዘው አፏን ከፈቱ። በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭነው ወደ ውስጥ አዩ። ጉሮሮዋን ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነገር፣ እንደ ረጠበ ቆዳ፣ ሸፍኖታል። መሀል ላይ የቀረችው ቀዳዳ የእርሳስ ጫፍ ታህላለች።

ድሬሰሩ ከትከሻቸው በላይ ተንጠራርቶ አየ። «ዘጊ አናዳ፣ ያ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሴረም አለህ?»

«አለ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጥጥ ጠቅልዬዋለሁ።»

«አምጣ!»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ለመቀስ ዓመት ነው። ማቀዝቀዣው በገመድ ተጠፍሯል፤ ተሸካሚዎቹ ለክብሩ ብለው ቋጠሮ ላይ ቋጠሮ አስረውበታል። ሾፌሩ በቢላ እየቆረጠ ይሳደባል። የብርጭቆ መርፌዎቹ ከሳጥን ስር፣ ሳጥኑ ከፍራሽ ስር ነው። መርፌው ሳይቀቀል አይወጋም፤ የላምባ ምድጃው ደግሞ ከተጫነ በኋላ ላምባው ፈስሷል። አንዷ ሳሙና አብሳይ ከቤቷ ፍም በአካፋ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ውሃ። ፍንጭት ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ መቀስ ራሷ በሰፋችው አንሶላ ላይ ተጋደመች። ኽርርር፣ ዝም። ዝምታው እየረዘመ ነው።

«ውጉልኝ እንጂ!» አለች መቀስ።

«ውሃው ይፍላ።»

«ጌታዬ፣ ልጄ እኮ…»

«ካልፈላ በመርፌው ሌላ በሽታ እሰጣታለሁ። ትከሻዋን ያዢልኝ፤ ቀና አድርጊያት። እንዲህ። አንቺ ተንፍሺ፣ እሷ ታይሻለች።»

መቀስ ተነፈሰች። ፍንጭት አየቻት። አብረው ተነፈሱ።

ውሃው ፈላ። ድሬሰሩ መርፌውን በመቆንጠጫ አወጣ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ከቆዳዋ ስር አስገቡና ሰውነቷ እንዳይቆጣ ጠበቁ፤ ከዚያ የቀረውን ጭኗ ላይ ወጉ። ፍንጭት አላለቀሰችም። ለማልቀስ አየር ያስፈልጋል።

ዋና ሀኪሙ ላባቸውን በክርናቸው ጠርገው ቀና ሲሉ አግዳሚው ሞልቷል።

የመጋዘኑ በር ክፍት ነበር። እማማ ሳል መጀመሪያ ወጡ፤ ከዚያ ነፍሰ ጡሯ፣ ወገቧን ይዛ፤ ከዚያ ጥርሱ የሚንገጫገጨው ሳሙና ቆራጭ፤ እናቶች ከነልጆቻቸው። ሽማግሌው ጋሪው ላይ እንደተቀመጡ በር ላይ ደርሰዋል፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ያጣው መሬት ላይ ተዘረጋ፣ ልክ እንደ ትናንቱ።

«እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?» አሉ ዋና ሀኪሙ።

ሰው ሁሉ እግሩን አየ።

«ደብቀናቸው ነበር» አለች መቀስ፣ ከልጇ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «እርስዎ ደስ እንዲልዎት። በሽተኛ ካዩ አልሠራችሁም ይሉናል ብለን።»

ዋና ሀኪሙ መጀመሪያ የሚስቁ መሰሉ። ከዚያ የሚሳደቡ መሰሉ። ሁለቱንም አላደረጉም፤ ወደ ድሬሰሩ ዞሩ።

«ውሸታም ብዬህ ነበር።»

«ጆሮዬ ነው ክቡር ሀኪም። ዝም ብሎ ይቀላል።»

«ማቀዝቀዣውን አውርዱት። ይህ ሰፈር በሽተኛ ነው!»

«ተመስገን!» አሉ እማማ ሳል፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። ሁለት ሦስት ሰው ሳያስበው ሳቀ። ዋና ሀኪሙ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው አግዳሚው ላይ ከሕፃን ወደ ሕፃን እየሄደ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «የተደበቁት የት ነው? በየቤታቸው?»

«ሳሙና መጋዘን» አለች መቀስ።

«ሁሉም? አንድ ክፍል? ይህች ልጅም?»

«አዎ።»

«መስኮት አለው?»

«የለውም።» ዋና ሀኪሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከጩኸት ይልቅ ያ አስፈራ። «ይህ በሽታ በትንፋሽ ነው የሚሄደው። አብረዋት የተዘጋባቸው ልጆች ሁሉ ከነገ ጀምሮ ጉሮሯቸው ይታያል። አንዱ ቢይዘው ሴረም ያስፈልገዋል። ስንት ቀረህ ድሬሰር?»

«ያለኝን ለእሷ ሰጠናት።»

እናቶቹ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ጨመቁ። አንዷ ራቅ ብላ ለመቀመጥ ተነሳች፤ የት እንደምትርቅ ግን አላወቀችም። ወዲያው ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመረ።

«ዝም!» አሉ ዋና ሀኪሙ። «መኪናው አሁን ወደ ዋናው ከተማ ይመለሳል። እኔ ከዚች አልጋ አልነቃነቅም፤ ጉሮሮዋ ከተዘጋ መቁረጥ አለብኝ። ድሬሰሩም ከእኔ ጋር ነው። ሾፌሩ ብቻውን ቢሄድ መድኃኒት ቤቱ አይሰጠውም። ስልጣን ያለው ሰው፣ ማኅተም ያለው ሰው ሄዶ በአፉ ይጠይቅ። የዚህ ሰፈር ሹም የታሉ?»

ሹም ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። ካቦርታቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ እንደ ሌላ ጊዜው በአክብሮት አይደለም፣ ሊነካቸው እንዳልፈለገ ሰው ነው።

«እሄዳለሁ» አሉ። «በሽታ በድንገት ገባብን፣ ትንሽ ሴረም ስጡን እላለሁ።»

«እንዲያ አይበሉ» አለች መቀስ።

«ምን?»

«በድንገት ገባ ካሉ ለሁለት ለሦስት ልጅ ይሰጥዎታል፣ እርስዎም አመስግነው ይመጣሉ። ስንት ልጅ እንደተዘጋበትና ለምን እንደተዘጋበት ካልነገሩት ለሁሉም የሚበቃ አይሰጥም።» ከአልጋው ጠርዝ አልተነሳችም፤ አንድ እጇ ፍንጭት ደረት ላይ ነው። ድምፅዋ ግን ደጅ ድረስ ይሰማል። «እስቲ እዚህ ይበሉት አባባ። እዚያ ሲደርሱ አንደበትዎ እንዳይተሳሰር፣ እዚህ ይልመዱት።»

በሰፈሩ ታሪክ ሹምን እንዲህ ያላቸው ሰው የለም። እማማ ሳል እንኳ ሳላቸውን ዋጡ።

ሹም ወደ አልጋው አዩ። የልጅ ልጃቸው ከአልጋው ላይ ኽርርር አለች።

«እኔ…» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰፈሬ ታሟል።»

«እሱን አወቅን» አለች መቀስ። «ከዚያስ?»

«ሕፃናቱን… በሽተኛውን ሁሉ በአንድ ክፍል አስዘጋሁ። ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ለክብሬ ብዬ ነው።»  «ለሁሉም ልጆች የሚበቃ መድኃኒት ስጡኝ እላለሁ። ካልሰጡኝ ከደጃቸው አልነሳም እላለሁ።»

«እንዲያ ይበሉ» አለች መቀስ። አሁን ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ሹም ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ዋና ሀኪሙ ክንዳቸውን ይዘው በቀስታ ወደ በሩ መለሷቸው። ወጡ። ሾፌሩ በሩን ሊከፍትላቸው ሲል ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ካሚዮኑ ሳለ፣ ተነሳ፣ ድልድዩን ተሻግሮ አቧራው እስኪቀር ድረስ ሰው ቆሞ አየው። ከዚያ ድሬሰሩ መጀመሪያ ነፍሰ ጡሯን ጠራ።

ማቀዝቀዣው ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ ሰው ላምባ ሞላለት። በመጋረጃው ወዲያ ሳሉ፣ ለቅሶው፣ «ቀጣይ!» የሚለው የድሬሰሩ ድምፅ ቀጠለ።

«ትድናለች?» አለች መቀስ።

«እስከ ነገ አላውቅም» አሉ ዋና ሀኪሙ። የምላጭ ሳጥናቸውን ከፍተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። «መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ያቺ ቀዳዳ ክፍት መቆየት አለባት። ድምፅዋን እየሰማሽ ቆዪ። ካቆመ ንገሪኝ።»

መቀስ ጆሮዋን ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። ኽርርር። አስቀያሚ ድምፅ ነው፤ ጥርስ ያፋጫል፣ አንጀት ይበላል። ዝም። መቀስ ትንፋሿን ያዘች። እሷም ከልጇ ጋር ዝም አለች።

ኽርርር።

«በይ» አለቻት። «እንዲያ በይ። ጩኺበት የኔ ቆንጆ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስማሽ።»